ደመወዙ ሳይቀንስ

ሶዶ፣ ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድም ጋሼ ኤርካሎ፣

እንደምን ከርመሃል? የጌታ ሰላም ባለህበት ይብዛልህ። እኔና እማ ደህና ነን። ዝናቡ ግን ከዳሞታ ተራራ ላይ ሲወርድ ጓሮአችንን ይዞት ሊሄድ ምንም አልቀረው። እማ "እንሰቱ ቆሟል ብለሽ ጻፊለት" ብላኛለች፤ ይኸው፣ እንሰቱ ቆሟል።

ስልክህ ከግንቦት ጀምሮ ዝግ ስለሆነ ወረቀት መጻፍ ለምጃለሁ። መጀመሪያ ግን አፍሬ ነበር። በዚህ ዘመን ፖስታ ይዤ መናኸሪያ ስቆም የቤሌ ሚኒባስ ሹፌሩ ማቲ መኪናውን ትቶ "የፍቅር ደብዳቤ መጣ" እያለ ሹፌሩን ሁሉ ያስቅብኛል። ለገዛ ወንድሜ ነው ስለው ደግሞ "ወንድምማ ይደወልለታል" አለኝ። 

"አንቺ ራስሽ ሥራ ሳታገኚ ለእኔ ከየት ታመጫለሽ?" ላልከው፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ የማነበው ለራሴም ስለሆነ ለሁለት ሰው ማንበብ ጫማ አይጨርስብኝም። ተመርቄ ቤት ከተቀመጥኩ ገና ዓመት መሙላቴ ነው፣ ተስፋ የምቆርጥበት ጊዜ አይደለም። ሐዋሳ አንድ ባንክ አመልክቻለሁ፤ ለፈተና ይጠሩኛል። እስከዚያ የአንተን ልጨርስ።

እስካሁን የደረስኩበትን ልንገርህ። ባንክ ጥበቃ ኃላፊ ይፈልጋል፤ ደመወዙ ካንተ ያነሰ ነው፣ ተውኩት። አንድ ድርጅት የደህንነት ኦፊሰር ብሎ ለጥፏል፤ ደመወዙ ጥሩ ነው፣ ግን ዲግሪ ይላል። ተበላ ከተማ ድረስ ወርጄ አንድ ሙዝ እርሻ ጠየቅኩ። ሰውየው የፖሊስ አገልግሎትህን ሲያይ "አግባብነት ያለው ልምድ ስንት ነው?" አለኝ። እርሻው እንዳይሰረቅበት ሰው እየፈለገ፣ ሌባ ሲይዝ የኖረ ሰው አግባብነት የለውም። ከተበላ እስከ ሶዶ ብቻዬን ስስቅ መጣሁ።

አሁን የያዝኩት ግን ሌላ ነው። ጋሽ ገብረመስቀልን ታውቃቸዋለህ፣ መናኸሪያው ጀርባ ጎማ ይሸጡ የነበሩት ጉራጌ። አሁን የአሽከርካሪ ማሰልጠኛ ከፍተዋል። የሞተር ሳይክል አሰልጣኝ ይፈልጋሉ። ሕጉን ታውቃለህ፣ ሞተርም ትነዳለህ። ለሲቪው እንዲሆነኝ ቀን ቀን የምትሠራውን ዘርዝረህ ላክልኝ።

"አንድ ብር እንዳይቀንስ" የምትለውን እጠብቃለሁ። ግን እማ ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት? ሚስት የለህ፣ ልጅ የለህ፣ ስታወጣ አይቼህ አላውቅ።

ማቲ ደግሞ አንድ ነገር ነገረኝ። ኬላው ላይ መኪና ስታስቆም እጅህን አታነሳም አለኝ። ታመሃል ወይ? በግንቦት ሞተረኛው የሞተ ዕለት ተረኛ አልነበርኩም ብለኸናልና በእሱ አልጠረጥርም። ክንድህን ያመሃል?

እህትህ ሜላት


ቤሌ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሜላት፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እማን ሰላም በይልኝ። እንሰቱ በመቆሙ ደስ ብሎኛል።

መልሱ የዘገየው ስላልጻፍኩ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

አልታመምኩም። እበላለሁ። ተረኛ ባልሆንኩበት ቀን ሙሉውን ቀን እተኛለሁ። ሥራዬን ጠይቀሻል። ገመዱ ጋ እቆማለሁ። መኪና ሲመጣ ገመዱን እወጥራለሁ፣ ይቆማል። ወረቀቱን አያለሁ፣ ገመዱን አረግባለሁ፣ ይሄዳል። ይህን በእንግሊዝኛ አሳምሪው።

ማቲ ያለሽ እውነት ነው። ክንዴን አላመመኝም። ገመዱ ስለሚበቃ ነው።

ስለ ማሰልጠኛው፤ ሞተር የሚለውን ሳነብ ወረቀትሽን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። በማግሥቱ አውጥቼ ጨረስኩት። መኪና የሚያስተምር ሰው አይፈልጉም? ካልፈለጉ ሞተርም ይሁን። ይችላል ብለሽ ግን አትማዪልኝ።

ደመወዙ እንዳልኩሽ ነው። ከነቀለቡ፣ ከነቤት አበሉ አሁን እጄ የሚገባው ያህል ካልሆነ አልመጣም። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ሚስት የለህም ልጅ የለህም ማለትሽ ትክክል ነው።

አንድ ነገር አደራ። እስከ ጊፋታ፣ ዘመን መለወጫችን ድረስ፣ ሥራ ልቀይር መሆኔን ለማንም እንዳትናገሪ። ለጎረቤትም፣ ለጓደኛም። ጊፋታ ካለፈ በኋላ ብትፈልጊ በማይክሮፎን አውጂው።

ወንድምሽ ኤርካሎ


ሶዶ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ዛሬ ሰላምታዬን የማሳጥረው ወሬዬ ስለሚቸኩል ነው።

ጋሽ ገብረመስቀል ዘንድ ሦስተኛ ጊዜ ሄድኩ። ሁለቱን ጊዜ ጎማ እየቆጠሩ አባረሩኝ። በሦስተኛው ወንበር ሰጡኝ። ፖሊስ መሆንህን ስነግራቸው፣

"ልጄ፣ እኔ የምፈልገው ተማሪ የሚጠራልኝ ሰው ነው፤ ፖሊስ በር ላይ ካቆምኩማ ግማሹ ሞተሩን አዙሮ ይሄዳል" አሉኝ።

"ጋሽዬ፣ ነገ መንገድ ላይ ሲያዩት ከሚደነግጡ እዚህ ቁጭ ብለው ቢለምዱት አይሻልም?" አልኳቸው።

 ከዚያ ለጸሐፊዋ "ሰማሽ? መቀጠር ያለባት እሷ ናት" ብለው ሳቁ። የመልቀቂያ ደብዳቤህን ይዘህ በመስከረም መጨረሻ እንድትመጣ፣ ደመወዙንም "እናየዋለን፣ አንጣላም" ብለውኛል። ወንድም ጋሼ፣ እሳቸው እናየዋለን ካሉ አለቀ ማለት ነው።

መኪና አስተምር ይሆን ያልከውን ጠየቅኩ። የመኪናው ቦታ ሞልቷል።

አሁን የምነግርህን ስትሰማ መጀመሪያ ትቆጣለህ፣ ቀጥሎ ትስቃለህ። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምስጋና ሰዓት ደረሰ። ከመዘምራኑ መካከል ቆሜ ልቤ እንዴት እንደሚመታ! አደራህን አልረሳሁም። ግን አደራህ ለሰው እንዳልናገር ነው፣ ይህ ደግሞ ለጌታ ነው ብዬ ተነሳሁ። "ቤሌ ኬላ የነበረውን ወንድሜን ጌታ ከፖሊስ ሥራ አውጥቶ የተሻለ ደመወዝ ስለሰጠው አመሰግናለሁ" አልኩ። ሁሉም እልል አለ። እማ አለቀሰች።

ገና መች ሆነና ትላለህ። በእምነት ነው እንጂ! ሰው ከተቀበለ በኋላ ማመስገኑ ምን ይደንቃል? ሲሆን ሁለተኛ አመሰግናለሁ።

ምን ቀረ? አንተ የመልቀቂያ ማመልከቻህን ማስገባት ብቻ።

የምትወድህ ሜላት


ቤሌ፣ ነሐሴ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሜላት፣

ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት ምስጋናሽ ደረሰ።

አልተቆጣሁም። ተቆጥቶ ይሆን ብለሽ ማቲን ልከሽ ማስጠየቅሽን ሰምቻለሁ። ብቆጣ ደስ ባለኝ ነበር። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሰማሁት፣ ከዚያ ምሳ ደረሰ፣ በላሁ።

አሁን መናገር ስላለብኝ እናገራለሁ። በግንቦት ተረኛ ነበርኩ። ሞተረኛው ሚልክያስ ይባላል፤ ከቤሌ ወጣ ብሎ ያለው ሰፈር ልጅ ነው፣ የአቶ ደገፉ። ከመታጠፊያው ብቅ ሲል ሌላ ሞተረኛ እየፈተሽኩ ነበር። ዞሬ እጄን አነሳሁ። ሰሌዳ አልነበረውም፣ መንጃ ፈቃድም አልነበረውም፤ ይህ የታወቀው በኋላ ነው። እጄን አይቶ ይሁን ሳያይ፣ ከመንገድ ወጣ። ድንጋይ ነበር። ይኸው ነው። አልተኮስኩም፣ አልሮጥኩም፣ አልነካሁትም። መርማሪዎቹ ጥፋት የለብህም አሉኝ፣ በማግሥቱ ገመዱ ጋ ተመለስኩ።

ሚስቱ ፈጠነች ትባላለች። ጡት የሚጠባ ልጅ አላት። ከደመወዜ ግማሹን በየወሩ በሽማግሌ እጅ እልክላታለሁ። ማንም አልፈረደብኝም፤ ራሴ ነኝ ያልኩት። ልጁ ራሱን እስኪችል ብዬ ቃል ገብቻለሁ። አንድ ብር አይቀንስ ያልኩሽ ለዚህ ነው። የቀረው ግማሽ የእናንተና የእኔ ነው፣ ከሱ የሚነሳ የለም።

ሽማግሌዎቹ ከአቶ ደገፉ ጋር ሊያስታርቁን ቀን ቆርጠው ነበር። ቂም ይዞ ጊፋታ የሚሻገር የለምና ከበዓሉ በፊት ነበር የሚሆነው። ጭጭ በይ ያልኩሽም ለዚህ ነው። የፈጠነች ታናሽ እህት ሶፊ እናንተ መዘምራን ውስጥ ናት። አንቺ የማን እህት እንደሆነች አታውቂም። እሷ ግን "ቤሌ ኬላ" ያልሽውን ሰምታ ለቤቷ ደወለች። ወሬው እዚህ ሲደርስ "ልጃችንን የገደለው ፖሊስ እድገት አገኘ፣ ደመወዝ ተጨመረለት፣ በቤተ ክርስቲያን እልል ተባለለት" ሆኖ ነው።

የነሐሴውን ገንዘብ መልሰውታል። አቶ ደገፉ ሽማግሌዎቹን "በልጄ ደም ለተሾመ ሰው እጄን አልሰጥም" ብለዋቸዋል።

ማመልከቻዬን አላስገባሁም። ለጋሽ ገብረመስቀል ቀረ በያቸው። የአንቺ ጥፋት ነው አልልም።  ለእማ አትንገሪያት፣ እልል ብላለች።

ኤርካሎ


ሶዶ፣ ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ፣

ይቅርታ በምን ቃል እንደሚጀመር ብዙ ሞከርኩ። ወረቀቱ አለቀብኝ እንጂ ቃሉ አልመጣም። ስለዚህ የሆነውን ብቻ እጽፋለሁ።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ሳምንት እሑድ በምስጋናው ሰዓት እንደገና ተነሳሁ። "ወንድሜ ሥራ አላገኘም፣ እኔ ቸኩዬ ነው" አልኩ። ፕሮግራም መሪው ማይኩን ወደ ራሱ እየሳበ "እህቴ፣ ምስጋና እኮ አይመለስም" አለኝ፤ ሰዉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። ስወርድ ሶፊ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። አልሳቀችም። "የምርሽን ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "እንግዲያው ለእኔ ሳይሆን ለሚልክያስ አባት ንገሪ" አለች።

ሳልነግርህ ከሶፊ ጋር ቤሌ መጣሁ። አትቆጣ፣ ወይም ተቆጣ። በገመዱ በኩል አለፍን። ማቲ ሚኒባሱን ሲያቆም በመስኮት አየሁህ፤ ወረቀቱን ተቀብለህ አይተህ ሰጠኸው። ተሳፋሪውን አልተመለከትክም። ስምህን ልጠራ ነበር፤ ፊትህን ሳይ ተውኩት። ገመዱን አረገብከው፣ አለፍን።

አቶ ደገፉ ደጃፍ ላይ ለቆጮ ሊፋቅ የተቆረጠ እንሰት ተሸክመው ነበር። ሶፊ የማን እህት እንደሆንኩ ነገረቻቸው። ሸክማቸውን አላወረዱም። እኔም በቆሙበት ተናገርኩ። ሥራ አለመቀየርህን፣ ገና ያልሆነውን ሆኗል ብዬ የተናገርኩት እኔ መሆኔን፣ አንተ ዝም በይ ብለኸኝ እንደነበር። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣም ነገርኳቸው፤ ለካ ሽማግሌዎቹ ከፖሊስ መሥሪያ ቤት ነው ብለዋቸዋል። ይህን አንተም የምታውቅ አይመስለኝም። በደሙ የመጣ ገንዘብ መስሏቸው ነው የመለሱት።

ያን ጊዜ እንሰቱን አወረዱት። ከአፋቸው የወጣው በወላይትኛ ነው፤ በአማርኛ ሲጻፍ ይቀዘቅዛል።

"ያ ሥራ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ሞተር ለሚማሩ ልጆች ሕግ ማስተማር ነው፣ አባባ።"

 ፈጠነች ልጁን ይዛ በር ላይ ወጥታ ነበር፤ ልጁ ወፍሯል፣ ያንተ ነገር ስለሆነ ጻፍኩልህ።

"የእኔ ልጅ የሚማርበት ቦታ ነበር?" አሉ።

"ሶዶ ነበር፣ አባባ።"

"ሶዶ" ብለው ደገሙት። ከዚያ ወደ መንገዱ እያዩ፣ "ይሂድ። ያስተምር። ግን ልብሱን ቀይሮ እንዳይመጣብኝ። እኔ የምታረቀው እዚያ ከቆመው ፖሊስ ጋር ነው። አስተማሪውን አላውቀውም፣ በእሱ ላይ ቂም የለኝም" አሉ።

ይኸው ቃላቸው ነው። ሽማግሌዎቹ አዲስ ቀን ያመጡልሃል። የደንብ ልብስህን እንደለበስክ ቆይ።

ጋሽ ገብረመስቀልን ቀረ አላልኳቸውም። ይህን ከአንተ ደብቄ አልሠራም፣ ስለዚህ ነገርኩህ።

ሜላት


ሶዶ፣ መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ። እማ ለጊፋታ ቅቤ አጠራቅማለች፤ ዘንድሮ በቅቤ የሚሠራው ሙቹዋ እቤት ይበላል ወይስ ይላክ እያለች ትጠይቃለች። እኔ አላውቅም አልኳት።

ማመልከቻዬን አስገባሁ ያልክባት አጭሯ ወረቀትህ ደርሳኛለች። ቦታው ይጠብቃል፤ ማመልከቻህ እስከ ወሩ መጨረሻ ከጸደቀልህ ችግር የለም። ደመወዙም እንዳልከው ነው፣ ከነቀለቡ ከነቤት አበሉ። ብቻ ጋሽ ገብረመስቀል አከፋፈል ላይ የራሳቸው ጠባይ አላቸው፤ በሁለት ፖስታ ነው የሚሰጡህ። ለምን በሁለት ብለህ አትጨቅጭቃቸው፣ ጎማ ሲሸጡም እንዲህ ነበሩ።

ስለ ሐዋሳው ባንክ ጠይቀሃል። ጠሩኝ። ፈተናው አለፈኝ፤ ቀኑ ከምዝገባ ጋር ተጋጨ። የምን ምዝገባ አትበለኝ፣ ማሰልጠኛው ውስጥ ተማሪ መመዝገብ ጀምሬያለሁ፣ ለጊዜው ነው። ጸሐፊዋ ወልዳ ነው። ሥራው ቀላል ነው፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የደም ዓይነት። ባንክ የትም አይሄድም፣ በሚቀጥለው ዓመትም ይጠራል። እንዲያውም ጋሽ ገብረመስቀል መልካም ሰው ናቸው፣ የቢሮ ሻይ በነጻ ነው።

የተመዘገቡት ልጆች ብዙ ናቸው። አንዱ ከቤሌ በኩል ነው የመጣው። "አስተማሪው ማነው?" ሲለኝ ገና በመንገድ ላይ ነው አልኩት።

ሽማግሌዎቹ የቆረጡትን ቀን ከሶፊ ሰምቻለሁ። በዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። አፌን እዘጋለሁ።

ሜላት


ቤሌ፣ መስከረም 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሜላት፣

እንኳን አደረሳችሁ። ነገ ጊፋታ ነው። ማቲ ከበዓሉ በፊት የመጨረሻውን ጉዞ ሊሄድ ሞተር አስነስቶ ይጠብቀኛል፤ ስለዚህ በጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው።

"ምን አሉህ?" ብለሻል። ነገሩ በሸንጎው ሜዳ፣ በዱቡሻው ነበር የሚያልቀው። ሽማግሌዎቹ ዛፉ ሥር ተቀምጠው፣ እኔ በደንብ ልብሴ ቆሜ፣ አቶ ደገፉ መጡ። ሰላምታ ሰጡ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ሊጀምሩ ሲሉ "እዚህ አይደለም" አሉ። ተነስተን መንገዱ ጋ ሄድን።

"የት ቆመህ ነበር?" አሉኝ። ቆምኩ። እሳቸው በመንገዱ ወደ ላይ ሄዱ። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ከዓይኔ ጠፉ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ ብቅ አሉ፣ ልጁ በመጣበት በኩል።

"አንሳ" አሉ ከዚያው።

አላወቅኩም እንዴት እንደሆነ። እጄ ወጣ። እሳቸው በቀስታ ቁልቁል ይመጣሉ፣ ዓይናቸው እጄ ላይ ነው። እንደ ፈታኝ። ሲደርሱ መዳፌን ደረታቸው ነካው፣ ቆሙ።

"ይታያል" አሉ። "ከዚያ ጀምሮ ይታያል። አይቶህ ነበር።"



"ፈርቶ ነው" አሉ። "መቆምን ያስተማረው የለም።"

እጄን ከላይ አላወረድኩትም፣ አውርድ ስላልተባልኩ። እሳቸው ራሳቸው ይዘው አወረዱት። "ይበቃል" አሉ። ከዚያ ወደ ዛፉ ተመለስን፣ የቀረው በሥርዓቱ ተፈጸመ። ገንዘቡን ተቀብለዋል። ከእንግዲህ ግን በሽማግሌ እጅ አይላክ፣ ራሱ ያምጣው፣ ልጁ ይወቀው ብለዋል። ነገ ሥጋው እነሱ ቤት ነው፤ ሄጄ እበላለሁ። ለእማ ሙቹዋውን አትላኪ በያት፣ በማግሥቱ ሶዶ ነኝ።

መልቀቂያዬ ተፈርሟል። የደንብ ልብሱን የማስረክበው ከበዓሉ በኋላ ነው።

ሁለቱን ፖስታ አውቄአለሁ። ጋሽ ገብረመስቀል ጎማ ሲሸጡ በአንድ እጅ ተቀብለው በአንድ ኪስ የሚከቱ ሰው ነበሩ። ሁለተኛው ፖስታ ያንቺ ደመወዝ ነው። ልመልስልሽ አሰብኩ። ከዚያ ልጁን አሰብኩ። እስከ ፋሲካ እቀበላለሁ። ከፋሲካ በኋላ ሐዋሳ ሄደሽ ትፈተኛለሽ፣ እኔም የማታ ተማሪ ጨምሬ እሞላዋለሁ። በዚህ አንከራከርም።

ስልኩን ከፍቻለሁ። ግን እስክመጣ አትደውሉ።

ክንዴን ጠይቀሽኝ ነበር፣ በሐምሌ። ከአቶ ደገፉ ጋር ከመንገዱ ከተመለስኩ ጀምሮ እስከ አሁን ድረስ ቀኝ እጄ ከብዶኛል፣ እንደ ውኃ የተሞላ ጀሪካን። ይህን ስጽፍም ከብዶኛል። ከግንቦት ወዲህ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ማቲ ጡሩንባውን እየነፋ ነው።

ኤርካሎ